አባቴ «ተቀበል!» ያለኝ ቀን

አባቴ ገበሬ ነው፤ ማሲንቆ መያዝ ለሱ ከሌብነት ትንሽ ይሻላል፤ እሱም ምናልባት። «በዘራችን አዝማሪ የለም» ይላል። በዘራችን ምን እንዳለ ግን ነግሮኝ አያውቅም። እርሻው ሲያንገሸግሸኝ ማሲንቆዬን ይዤ ወጣሁና ከእስቴ እስከ ጋይንት ሰርግ ለሰርግ መዞር ጀመርኩ።

አንድ ቀን ወገዳ አጠገብ ሰርግ ላይ ስዘፍን፣ አባቴ ሳይጠራ ዳሱ ውስጥ ገባ። አጠገቤ መጥቶ ቀስ ብሎ፣ «ዛሬ አዋርጄህም ቢሆን ወደ ሞፈርህ እመልስሃለሁ» አለኝ። ከዚያ ተቀምጦ ጠላውን ተቀበለ።

የኛ ሥራ ደንብ አለው። እንግዳ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ከሰጠ፣ አዝማሪ ሳይመርጥ በዜማ ይደግመዋል፤ ስድብም ቢሆን፣ የራሱ ስድብም ቢሆን። አባቴ ይህን አሳምሮ ያውቃል።

«ተቀበል!»

«አቤት ጌታዬ!»

«በሬው ሜዳ ቆሞ ቀንበር ሲናፍቀው፣
ጭራ ይዞ ዞረ ሥራን የሚንቀው።»

ጭራ ያለው የማሲንቆዬን ክር ነው፤ ከፈረስ ጭራ ነው የሚሠራ። ምን ላድርግ? አሳምሬ ዘፈንኩት። ባለሰርጎቹ ሞንታርቦ አስመጥተው ስለነበር ውርደቴን ማዶ ያለው ቀበሌም ሰማ። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ።

«ይድገሙን አባቴ!» አለ አንዱ ሚዜ።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ተጨብጭቦለት አያውቅም። ፊቱ ሲፈታ አየሁት።

«ተቀበል! ዘር ሲዘራ ጠፍቶ ጎተራ ሲሞላ፣
ማሲንቆውን ይዞ መጣልን ሊበላ።»

አንዲት ሴትዮ እንባዋን እየጠረገች፣ «ልጁን ያውቁታል እንዴ?» አለችው።

«የት አውቄው! ተቀበል!»

እስኪመሽ ሰደበኝ። መጨረሻ ላይ ጋቢውን ጥሎ እስክስታ ወረደ። ስንወጣ ከአርብ ገበያ የመጣ፣ ልጁን ሊድር ያሰበ ሰው አስቆመኝ።

«ለኛም ሰርግ ና። ግን ሽማግሌውን ይዘህ።»

«ባይመቻቸውስ?»

«እንግዲያው አንተም አትልፋ።»

አሁን ሞፈሩን ሊያነሳብኝ ነው ብዬ ወደ አባቴ ዞርኩ። ጉሮሮውን ጠረገና ሰውየውን፣ «ሰርጉ መቼ ነው?» አለው።

ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው፤ መጀመሪያ የጻፍኩትም ያንኑ ስድቤን ነው። እኔ የገጠምኩትን የሚያስታውስ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም፤ የአባቴን ግጥም ግን ሕፃን ሳይቀር ይለዋል። አባቴም መሬቱን ለጎረቤት የእኩል ሰጥቶ፣ ሰርግ በመጣ ቁጥር ቀድሞኝ መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።