ፓስኩዊናታ እና የወንድሜ ሙጫ

ልጄ በስደት ከምንኖርበት ከፓልምስ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ወደሞሉበት ወደ ፌርፋክስ ድራይቭ እያደረገች መሪውን ስታዞር፣ ጣቶቿ ላይ ነጭ ነገር ደርቆ አየሁና ጠጋ ብዬ አሸተትኩት፤ የዱቄት ሙጫ ነው።

ያንን ሽታ የማውቀው ልጅ ሳለሁ፣ ደሴ ነው። ታላቅ ወንድሜ ተሾመ በአሮጌ ጣሳ ዱቄት በውሃ እያማሰለ ሲያፈላ፣ እናታችን ዱቄቷ ጎደለ ብላ አይጡን ስትራገም፣ እሱ ከበሩ ኋላ አፉን አፍኖ ሲስቅ፣ እኔም ነገሩ ሳይገባኝ አብሬው ስስቅ ትዝ ይለኛል። ሲነጋ በቀበሌው ግድግዳ ላይ በሊቀመንበሩ የሚያፌዝ ግጥም ተለጥፎ ይገኛል፤ አላፊ አግዳሚው ሳቁን ለመደበቅ እያሳለ ያልፋል። አንድ ጠዋት ታጣቂዎች የሰፈሩን ወጣቶች አሰልፈው እጅ እጃቸውን አዩ። ሙጫው የወንድሜ ጥፍር ሥር ነበር። እናቴ እስር ቤት ስንቅ እየያዘች ስትመላለስ ከርማ፣ በመጨረሻ «ከእንግዲህ አታምጪ» አሏት።

«ምን ለጥፈሽ ነው?» አልኳት ልጄን።

«ማሚ፣ ሪላክስ!» ፓርክ አደረገችና መንገዱ ዳር ምሰሶ ላይ የለጠፈችውን ግጥም አሳየችኝ። የማኅበራችን ሊቀመንበር ጋሼ ወርቁ ሥልጣኑን አልለቅ ስላሉ ነው፦

ወንበሩ ታመመ፣ ሐኪም ቢመረምረው፣
መድኃኒቱ፣ ጋሼ፣ መነሣትዎ ነው።

«ሐኪም ቢመረምረው»ን ያቀበልኳት እኔው ነኝ፤ የቤት ሥራ መስሎኝ!

«ይሄ በጣሊያንኛ ፓስኩዊናታ ይባላል» አለችኝ። ሮም ውስጥ ፓስኩዊኖ የሚሉት ፊቱ የተሰባበረ ሐውልት አለ አሉ፤ ስሙም እዚያው አካባቢ ይኖር ከነበረ ምላሰኛ ልብስ ሰፊ የመጣ ነው ይላሉ። ጳጳሱን በፊታቸው መናገር የፈራ ሁሉ በጨለማ ግጥሙን ይለጥፍበታል። «ሶ፣ ማን አለ ሲባል፣ ድንጋዩ!»

እኛም አገር «እረኛ ምን አለ?» ይባል ነበር፤ ተናጋሪው ማን እንደሆነ እንዳይታወቅ። ወንድሜ ግን የሚያሳብብበት ድንጋይም እረኛም አላገኘ።

ይህን ሳስብ ጋሼ ወርቁ ራሳቸው ከተፍ አሉ። «ዝቅ በይ!» ብዬ የልጄን አንገት ደፈቅኩ። መነጽራቸውን አደረጉ፤ አነበቡ፤ ደግመው አነበቡ።

«ማነው ይሄ ሐኪም? ለወገቤም ይዘዝልኝ እንጂ!» ብለው ሆዳቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፣ መንገደኛውም አብሯቸው ሳቀ።

እኔ አለቀስኩ። ዛሬ ተሾመ ስልሳን ባለፈ ነበር፤ በግጥሙ የነካው ሰው ፊት ለፊቱ ቆሞ እንዲህ ሲስቅለት አንድ ቀን እንኳ ሳያይ ቀረ።

ቤታችን ገብተን በሩን ቆለፍኩ። ልጄ ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ።