የሸዋነሽ ራስጌ

አያ እንግዳው በደብራችን ሠላሳ ዓመት መቃብር ቆፍረዋል። ማንም አልሾማቸውም። ሰው ሲሞት ዶማቸውን ይዘው ቀድመው ስለሚገኙ ብቻ ሥራው የእሳቸው ሆኖ ቀረ። በፎገራ ዋልካ አፈር ላይ መቃብር መቆፈር ቀላል የሚመስለው ሰው በበጋ መጥቶ አንዴ ይሞክረው።

የሟች ራስጌ ወደ ምዕራብ፣ ግርጌው ወደ ምሥራቅ ይሆናል። ጌታ የሚመጣው በምሥራቅ ነውና፣ የተቀበረው ተነሥቶ ቀና ሲል ፊቱ እዚያው እንዲያርፍ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። እሳቸው ግን ከጣራ ገዳም ተራራ ትንሽ ወደ ቀኝ አነጣጥረው፣ በገመድ ለክተው፣ ጉድጓዱ ጥቂት ከተዛነፈ እንደገና ያስቆፍሩናል። ፀሐይ አናታችን ላይ ቆማ "ደህና ነው እኮ አያ" ስንላቸው፣ "አንተ ስትነሣ አጥር እያየህ ተነሣ፤ እሱ ግን ጌታውን ይይ" ይሉናል። አስከሬኑ በሰሌን ከተጠቀለለ በኋላም ራስና እግሩ እንዳይምታታ በግርጌው በኩል ገመዱን ሁለት ቦታ ይቋጥራሉ፤ በራስጌው አንድ። ነገር ማብዛታቸው እያናደደኝ ብዙ ቀን አጉረምርሜባቸዋለሁ።

ባለፈው ነሐሴ ባለቤታቸው እትዬ ሸዋነሽ ሞቱ። ርብ ወንዝ ሞልቶ ሩዙን ሁሉ ውጦት ነበር። ሰሌኑን ያሰሩት ራሳቸው አያ እንግዳው ናቸው፤ ሐዘንተኛ አይቆፍርምና መቃብሩን የቆፈርነው ግን እኛ ጎረቤቶቻቸው ነን። አስከሬኑን በታንኳ ጭነን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ስንሄድ ታንኳው ደለል ላይ እየተያዘ ሁለት ጊዜ ዞረብን። ዝናቡ ዓይን አያስገልጥም። ጉድጓዱም ከሥሩ ውኃ ያመነጭ ጀመር። ተጣድፈን አወረድናቸው። በምሥራቅ በኩል ገመድ የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ በእኔ በኩል የነበረው ቋጠሮ አንድ ብቻ ነው። ልብ ያልኩት አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ነውና አፍሬ ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ሰውዬው ዛሉ። አርባዋን አወጡ፤ በሬዎቻቸውን ለልጃቸው ሰጡ። ሰው ሲሞት አሁንም ዶማቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ገመድ መለካቱን ግን ተዉት። ያቺን "ጌታውን ይይ" የምትለዋን ነገር አንድም ቀን አልደገሟትም። እኔም ያንን ሁሉ ወር ፊታቸውን ደፍሬ አላየሁም።

ቀዳም ሥዑር ዕለት የንስሐ አባታቸው አባ ዓለምነህ ቀጤማ ሊያድሉ መጡ። አጥር ለአጥር ነንና እኔም እዚያው ነበርኩ። አያ እንግዳው ቀጤማውን ራሳቸው ላይ ሳያስሩ በእጃቸው እንደያዙት ተናገሩ።

"አባ፣ መቃብሯን እንድከፍት ይፍቀዱልኝ። ሸዋነሽ ተገልብጣ ነው የተቀበረች። ሁለቱ ቋጠሮ በምዕራብ በኩል ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ። ውኃው ይሞላል፣ ሰዉ ርሷል፤ መልሱልኝ ልል አፌ እንቢ አለኝ። የሰውን ሁሉ ሳቃና ኖሬ የራሴን ጣልኳት።"

"እውነታቸውን ነው፤ በእኔ በኩል አንድ ነበር" አልኩ። አያ እንግዳው ዞር ብለው አላዩኝም።

አባ ዓለምነህ መደቡ ላይ ተቀመጡ። ከሐሙስ ጀምሮ እህል ሳይቀምሱ አክፍለው ስለነበር ድምፃቸው ደክሟል።

"ሰባት ዓመት ሳይሞላ እንደማይከፈት ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ" አሉ። ቀጥለውም፣ "መግደላዊት ማርያም መቃብሩ ደጅ ቆማ ስታለቅስ፣ የተነሣው ጌታ በስተኋላዋ ነበር። በስሟ ሲጠራት ዞረች። ሸዋነሽንም በክርስትና ስሟ ወለተ ሚካኤል ብሎ ሲጠራት ትዞራለች።"

"ጆሮዋ ከባድ ነበር እኮ አባ።"

"አልዓዛር በአራተኛው ቀን ሰምቷል።"

አያ እንግዳው ከነሐሴ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። የድካም ፈገግታ ነበር፤ የተጽናኑ አልመሰለኝም።

አባ ወደሚቀጥለው ቤት ሲሄዱ ግን ቀጤማውን ራሳቸው ላይ አሰሩና ገመዳቸውን ከግድግዳው አወረዱ። "ና ተከተለኝ" አሉኝ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ወጣን። ጣራ ገዳም ጥርት ብሎ ይታያል። በትንሣኤ ዋዜማ ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ግራ ገብቶኝ ሳያቸው፣ ከሚስታቸው መቃብር በስተምዕራብ ገመዱን ዘርግተው ለኩ።

"እኔን እዚህ ትቀብረኛለህ። ራስጌዬ እንደ ደንቡ ወደ ምዕራብ።"

"ከጎናቸው ቦታ አለ እኮ አያ።"

"ጎኗ ምን ይረባኛል? እዚህ ስሆን እግሬ ከእግሯ ይገጥማል። ቀና ስንል እሷ ወደዚህ፣ እኔ ወደዚያ እንተያያለን።" ገመዱን መጠቅለል ጀመሩ። "መቼም ጠሪው ሳያሰማት አይቀርም። ጆሮዋ ከከበዳት ግን ከኋላሽ ነው ብዬ በእጄ አሳያታለሁ።"

እንባዬ መጣ፣ አልደበቅኩትም። እሳቸው ግን ገመዱን እጄ ላይ አስቀመጡት።

"በግርጌ በኩል ሁለት ቋጠሮ ነው" አሉኝ፤ "ይህንንስ አትሳት።"