ከየደጁ አንድ ቁራጭ ሣር

በሣር ጉዳይ ከእኔ የሚበልጥ ሰው ከወረኢሉ እስከ ዓባይ አፋፍ ቢፈለግ አይገኝም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ለጉራማ ከዚህ የሚበልጥ ስንት ነገር አለኝ። ልጅ እያለሁ ሣር ሲያድግ ድምፁን እሰማ ነበር። ሐምሌ ላይ ጆሮዬን መሬት ላይ ደፍቼ፣ ይሄኛው ነገ ያቆጠቁጣል፣ ያኛው ሰነፍ ነው እያልኩ ለጓደኞቼ እተነትን ነበር። የመካነ ሰላም ትምህርት ቤታችን ሜዳ እንደ ስጋጃ የለሰለሰው በማን ይመስላችኋል? በእኔ ነው። ነገር ግን የዚያን ጊዜ ሰዎች ገና በሕይወት ስላሉና አንዳንዶቹም ማንበብ ስለሚችሉ፣ ሜዳው ላይ የነበረኝን ሹመት ሳይቀድሙኝ ልናገር። በጠጥ ለቃሚ ነበርኩ። በጎቹ ሣሩን ይግጣሉ፣ እኔ ጣሳ ይዤ ከኋላቸው እለቅማለሁ።

በጎች ኳስ ሜዳ ላይ ምን ይሠራሉ የምትሉ የዛሬ ልጆች ትኖራላችሁ። በቴሌቪዥን የምታዩት ሜዳ በመኪና ይታጨዳል። የእኛ የማጨጃ መኪና የእትዬ ከድጃ በጎች ነበሩ። እትዬ ከድጃ በግ እያደለቡ የሚሸጡ፣ ድምፃቸው ገበያ ላይ ሆነው ቤታቸውን የሚያዙበት፣ ቀልዳቸው ከበጎቻቸው ቀንድ የባሰ ሴት ነበሩ። የሜዳው ጌታ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋሽ አስፋው ናቸው። ፊሽካቸው ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም፤ ሲተኙም ያደርጉታል ይባል ነበር፤ ሲያንኮራፉ ሰፈሩ ጨዋታ የተጀመረ መስሎት ይነሳል።

ሰኔ መጨረሻ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጋሽ አስፋው ሜዳውን «ያስተኙታል»። ዙሪያውን የአጋም እሾህ ይከምሩበትና ክረምቱን ሙሉ የሰው እግር አያርፍበትም። ኳሳችን ሳናስበው ወደ ውስጥ ከገባች እስከ መስከረም እዚያው ከሣሩ ጋር ታድራለች። ራሰ በራ የሆኑት የጎል አፎች ከወንዝ ዳር በአካፋ ተቆርጦ ከነአፈሩ በሚመጣ ሰርዶ ይጣፋሉ። ነሐሴ ሲጋመስ ረጅሙ ሣር በማጭድ ይታጨዳል፣ የቀረውን በጎቹ ገብተው ያስተካክሉታል፣ በመጨረሻ ድንጋይ የታጨቀበት በርሜል እያንከባለልን መሬቱን እንደለድላለን። የዚያን ሰሞን የሜዳው ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ የታጨደ ሣር፣ ዝናብ የመታው የበግ ጠጉርና፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ የእኔ ጣሳ።

አንድ ዓመት ታዲያ ነገር ተበላሸ። በጋውን ሙሉ ሜዳው ላይ ስብሰባ ሲጠራ፣ ድንኳን ሲተከል፣ አይሱዙ ሲቆም ከርሞ ሰኔ ሲገባ ሜዳችን መላጣ ሆነ። የከብት ገበያው ደግሞ መንገዱ ላይ እየፈሰሰ መኪና አላሳልፍ ብሎ ነበር። አዲስ የተሾሙት የከተማው ሹም አንድ ቀን መጥተው ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር አዩና ፈረዱ። ሣር የሌለው ሜዳ ባዶ መሬት ነው አሉ። መስከረም ሲጠባ ተመልሰው ያያሉ፤ ሣር ከያዘ የልጆቹ ይሆናል፣ ካልያዘ የከብት ገበያው ወደዚያ ይዛወራል።

እናንተ የቆላ ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላይገባችሁ ይችላል። በእኛ አገር ከዚያ ሜዳ ሌላ ያለው ወይ እርሻ ነው ወይ ገደል። ገደል ዳር ኳስ የመታ ልጅ ኳሱን ለማምጣት ስንቅ ይዞ ነው የሚወርደው። ከመስቀል በኋላ ደግሞ የጎረቤታችን የከላላ ልጆች ሊገጥሙን ይመጣሉ፤ ሜዳ የለንም ልንላቸው ነው? ለጋሽ አስፋው ግን ነገሩ ከኳስም በላይ ነበር። ልጅ አልወለዱም፤ ያሳደጉት ያንን ሜዳ ነው። ሹሙ ከሄዱ በኋላ ፊሽካቸውን አፋቸው ውስጥ ረስተውት በተነፈሱ ቁጥር ቀጭን ድምፅ እያወጣ፣ ከጎል ወደ ጎል ሲመላለሱ ዋሉ።

ሐምሌን በጭቃ ውስጥ አሳለፍነው። ከወንዝ ዳር ሰርዶ እየቆረጥን፣ በጆንያ እየተሸከምን፣ እየጣፍን፣ እንደገና እየቆረጥን ነበር። ዝናቡም አላሳፈረንም። ነሐሴ ሲገባ ጉሙ በተገለጠ ቁጥር ሜዳው አረንጓዴ እየሆነ ይታይ ጀመር። አስቸጋሪ የሆነው መሃሉ ብቻ ነው። እዚያ የበቀለው አክርማ ነበር፤ እናቶቻችን ለስፌት የሚፈልጉት፣ እንደ ሽቦ የጠነከረው ሣር። ኳስ ሲነካው ወደፈለገበት ይዘላል፣ ማጭድ ሲነካው ማጭዱ ይጎብጣል። የእትዬ ከድጃ በጎችም አሽትተውት ፊታቸውን ያዞራሉ።

የእኛ አገር ሰው ከብት አልበላ ሲል የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነው፤ ጨው። እትዬ ከድጃ ሐሳቡን ሲያመጡት ማንም አልተቃወመም። ጨው ያለበትን ነገር በግ ጆንያውንም ይበላዋል አሉ። ጋሽ አስፋውም ደስ ብሏቸው ድንጋዩን ከበርሜሉ አራገፉና ጨው በውኃ በጠበጡበት። እኛ ልጆች ቅጠል እየነከርን የሜዳውን መሃል እንደ ጠበል ረጨነው። አክርማውም ሰርዶውም እኩል ደረሰው።

በማግስቱ በጎቹ ገቡ። አክርማውን በሉት። ደስ አለን። ቀጥለው አጠገቡ ያለውን ሰርዶ በሉት። ከዚያ ሥሩን ነቅለው በሉት። ከዚያ አፈሩን ይልሱ ጀመር። አንድ ሙክት ነበር፣ ምላሱ መጥረጊያ የሚያክል፣ ጆሮውንና ጭራውን ይዘን ስንጎትተው መሬቱን ይዞ የሚመጣ ነበር የሚመስለን። ስናባርራቸው ይመለሳሉ፣ እሾሁን ስንዘጋ ይዘሉታል። የተረፈውን ሣር ደግሞ ጨዉ ራሱ አቃጠለው። ሲመሽ የሜዳው መሃል ሰፌድ ሆኗል፣ ያውም የተወለወለ። ያን ዕለት ጣሳዬ ሞልቶ ሲፈስ እንኳ ማንም ልብ አላለኝም።

ጋሽ አስፋው አልተቆጡም፤ ያስፈራንም እሱ ነው። በርሜሉ ላይ ተቀመጡ። ወንዝ ዳር ያለውን ሰርዶ ሐምሌ ላይ ጨርሰነዋል፤ ሌላ የሚቆረጥበት ቦታ የለም። እትዬ ከድጃም በጎቻቸውን እየነዱ ሄዱ። በነገሩ አፍረው ነው ብለን ስናማቸው ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ። ትሪ ተሸክመዋል፤ ትሪው ላይ ከነአፈሩ የተቆረጠ፣ እንደ ዳቦ የወፈረ የሣር ቁራጭ አለ። ጋሽ አስፋው እግር ሥር አስቀመጡትና፣

«አያ አስፋው፣ አብሽር» አሉ። «ይሄ ከደጄ ምርጡ ነው፤ እንግዳ የማስቀምጥበት። አሁን ተነሳና የራስህን ቆርጠህ አምጣ።»

ከዚያ ወደ እኛ ዞረው እንደ በጎቻቸው በተኑን። በየቤቱ እየዞርን ከየደጁ አንድ ቁራጭ እንድንለምን ነበር ትእዛዙ። ሰው ይስቅብናል ብለን ነበር፤ የሳቀም አልጠፋ። ግን ማን እምቢ አለ? ቄሱ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ራሳቸው ቆርጠው ሰጡን። ከመስጊዱ በር ላይ ሽማግሌዎቹ ዱዓ አድርገውበት አሸከሙን። ልብስ ሰፊው በመቀሱ ጠርዙን አስተካክሎ ነው ያወጣልን። ጠላ የሚሸጡት ሴትዮ የሰጡን ቁራጭ መዓዛው ብቻውን ያሰክር ነበር። አንዲት ባልቴት ደጃቸው ላይ ሣር ስላልነበረ ማገጥ ከነአበባው ነቅለው ሰጡንና፣ ይሄም አረንጓዴ ነው አሉን። እናቴ ከጣሪያው ጠፈጠፍ ሥር ቆርጣ ሰጠችኝ። የባለሙያ ቤት ነውና የእኛ ቁራጭ የክብር ቦታ አገኘ፤ የሜዳው እምብርት ላይ ተተከለ።

ጨው የጠጣውን አፈር ቆፍረን አወጣን፣ የበረት ፍግ አለበስነው፣ ቁራጮቹን ጎን ለጎን ደረደርናቸው። ሲያልቅ ምን መሰለ መሰላችሁ? ድሪቶ። አንዱ ጥቁር አረንጓዴ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ጠጉሩ የቆመ፣ አንዱ የተኛ። ከአንደኛው መሃል ድንች በቀለ። የነሐሴ ዝናብ ቀን ከሌት ወረደበት፤ ጋሽ አስፋው ጆንያ ተከናንበው ጠበቁት። ቁራጮቹ አንድ በአንድ መሬቱን ያዙ፤ ከአንዱ በስተቀር። እኔ በየቀኑ እየሄድኩ ጆሮዬን ብደፋበትም የእኛ ቤት ሣር ድምፅ አልነበረውም። ነጣ፣ ቀላ፣ ደረቀ። ለጋሽ አስፋው ለመናገር ግን አፌ እምቢ አለኝ።

መስከረም ጠባና ሹሙ መጡ። ከተማው ሁሉ እሾሁ ዳር ቆሟል። ሹሙ ሰው አላናገሩም፤ ጎንበስ ብለው አንዱን ሣር በእጃቸው ይዘው ጎተቱ። የእትዬ ከድጃ ነበር። አልነቀል አለ። ሌላ ጎተቱ፤ የቄሱ፤ እሱም አልነቀል አለ። የጋሽ አስፋው ፊሽካ ድምፅ ስላላሰማ ትንፋሻቸውን እንደያዙ አወቅሁ። ሹሙ እየጎተቱ፣ እየተራመዱ ወደ መሃል ሲመጡ እኔ ሮጬ ደረቋ ቁራጭ ላይ ወጣሁ። ሁለት እግሬን ገጥሜ፣ እጄን በጎኔ ለጥፌ ቆምኩ። ያን ያህል ቀጥ ብዬ የቆምኩት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው። ሹሙ አጠገቤ ሲደርሱ ቀና አሉ።

«ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ነው?»

 እትዬ ከድጃ ከእሾሁ ማዶ ሆነው፣

«እሱ የመሃል ምልክቱ ነው ጌታዬ» አሉ። «ኖራ እስኪመጣ ድረስ ነው።»

ሰዉ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ዋጠ። ሹሙ እኔን አዩ፣ እግሬን አዩ፣ ዙሪያዬን ያለውን ባለብዙ ቀለም ሜዳ አዩ። ይሄ ሣር ነው ወይስ ድሪቶ ብለው ጋሽ አስፋውን ጠየቁ። ጋሽ አስፋው ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ድሪቶ ነው ጌታዬ። ያልጣፈበት ሰው ግን ከተማው ውስጥ የለም።»

ሹሙ እሾሁ ዳር የቆመውን ሰው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲያዩት ቆዩ። ከዚያ እጃቸው ላይ የቀረውን አፈር አራገፉና፣ እንግዲያው ገበያው ባለበት ይቆይ አሉ። ጥቂት ከሄዱ በኋላ ዞረው፣ ምልክቱን ግን ምሳ አብሉት አሉ።

የከላላ ልጆች በመጡ ቀን ኳስ አይቶ የማያውቅ ሁሉ ሜዳ ወጣ። የመጣው ግን ኳስ ሊያይ አልነበረም፤ ሣሩን ሊያይ ነው። ተጫዋች በወደቀ ቁጥር ከዳር፣ ኧረ ቀስ፣ የእኔ ላይ ነው የወደቅከው የሚል ይሰማል። ልብስ ሰፊው አንዱ የከላላ ልጅ ደጋግሞ የእሱን ቁራጭ ይረግጥብኛል ብሎ ከዳኛው ተጣላ። እትዬ ከድጃ የእኛ ጎል የተመታችው ከእሳቸው ሣር ላይ ነው ብለው እስከ ጥምቀት ሲያወሩ ከረሙ። እውነት ነው፣ ከዚያ ነው የተመታችው። የከላላን ጎሎች ግን ማንም አልቆጠራቸውምና እኔም አልቆጥራቸውም።

ጋሽ አስፋው ካረፉ ቆይተዋል። ከእሳቸው በኋላ ሜዳውን የሚያስተኛው ጠፍቶ ባጃጅ መንዳት መማሪያ ሆኖ ነበር። ዘንድሮ ግን ሰኔ ላይ የሰፈሩ ወጣቶች እሾህ ከምረው ዘጉት። ፎቶውን አሁን ወደምኖርበት ደሴ በስልኬ ላኩልኝ፤ ጉሙ ከላይ፣ ሰርዶው ከታች፣ የዱሮው እርጥብ ሽታ ከስልኩ ውስጥ የወጣ መሰለኝ። አሁን የሴት ልጆች ቡድንም አለ፤ በእኛ ጊዜ ያልነበረ ነገር ነው። አምበሏ ሰዓዳ የእትዬ ከድጃ የልጅ ልጅ ናት፤ ስትደውልልኝ ድምጿን እንደ ሰማሁ ማንነቷን ሳልጠይቅ አወቅሁ። አያቷ አርጅተዋል፤ ወንበር አስወጥተው ሜዳው ዳር እየተቀመጡ ሥራ ያዛሉ። እንደ ዱሮው ከየደጁ አንድ ቁራጭ ይምጣ ብለዋል አለችኝ። ከየሰፈሩ መጥቷል፣ ይዟልም።

«ጋሼ፣ የሜዳውን እምብርት ለእርስዎ ነው የተውነው» አለች። «እማማ እንደሚሉት የሣር ነገር ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ከደሴ ደጅዎ አንድ ቁራጭ ቆርጠው በሚኒባስ ይላኩልን። የዱሮዋ ቁራጭዎ አልያዘችም ነበር ብለዋል፤ ያኔ አይተዋት ኖሯል።»

እሺ አልኳት። ስልኩን ዘግቼ በረንዳዬ ላይ ቆሜ ደጄን ሳይ ቆየሁ። አረንጓዴ ነው፤ ክረምት ከበጋ አይለወጥም፤ ያየው ሁሉ ያደንቀዋል። ከሱቅ በሜትር የገዛሁት ፕላስቲክ ነው። ያውም ቅዳሜ ቅዳሜ ውኃ አጠጣዋለሁ።