ሁለት ትምህርት ቤት፣ አንድ ጎተራ

አገረ ገዢው «ሁለት አስተማሪ የሚቀልብ ጎተራ የለኝም» ያሉት ማክሰኞ ነው። ቅዳሜ፣ የሆሳዕና ከተማ ገበያ ሞቅ ሲል፣ ከሁለቱ ትምህርት ቤቶች አንዳንድ ልጅ ከግቢያቸው ፊት ቀርቦ ያንብብ፤ ልጁ የተበለጠበት አስተማሪ ድርጎው ይቁም ብለው ወሰኑ።

አንዱ ትምህርት ቤት አዲሱ ነው። ቆርቆሮ ክዳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ጥቁር ሰሌዳ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ባለ ኮት አስተማሪ አለው። ሌላው በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር የየኔታ ዛፍ ነው። የኔታ ከሰሜን የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ እዚህ አገር ዘመድ የላቸውም። ድርጎው ከቆመ በዚያ ዕድሜያቸው የመጡበትን መንገድ በእግራቸው ሊመለሱ ነው። ይህን የማያውቅ አልነበረም።

ክፋቱ ዳኛ የተደረግሁት እኔ ነኝ።

አገረ ገዢው ዓይናቸው ደክሟል፤ ጸሐፊያቸው ደግሞ የአስተማሪው አማች ነውና ገለል ተደረገ። «ነጋዴ ወገን የለውም፣ ለሁሉም ይሸጣል» አሉ። «ደግሞ ሲያነብ ሰው ሁሉ ያየዋል።»

እውነት ነው፣ ያየኛል። ገበያ መሐል ወረቀት ዘርግቼ ግንባሬን ስቋጥር ሸማቹ ክርክሩን ይተዋል። ግን አንድም ፊደል አልለይም ነበር። እንቢ ብዬ ምክንያቱን ብናገር ሱቄን በገዛ እጄ መዝጋት መሰለኝና እሺ አልኩ።

«ልጆቹ አይተውት የማያውቁት ጽሕፈት አምጣ» ተባልኩ። ቆዳ የምልክለት የአዲስ አበባ ደንበኛዬ የላከልኝን ደብዳቤ መረጥኩ። ዱራሜ ላይ አንድ የኬላ ጸሐፊ ሦስት ጊዜ አንብቦልኝ ሙሉውን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ስድብ ቶሎ ይያዛል። የፊት ገጹ ሰላምታ ነው፣ ስድቡ ጀርባው ላይ ነው።

ቅዳሜ በርበሬ ሻጩም፣ ከቦኖሻ የመጣው ገበሬም፣ ሥራ ፈቱም ከቦን ቆመ። መጀመሪያ የአዲሱ ትምህርት ቤት ልጅ የፊት ገጹን ያዘ። ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ በጣቱ እየተከተለ፣ «እንደምን ሰንብተሃል» እያለ ወረደ። ስለ ከብቶቼ ጤና የተጠየቀበትን መስመር ዘለለው እንጂ ደህና ነበር። ተጨበጨበለት።

ቀጥሎ የየኔታ ተማሪ መጣ፤ ከሻሾጎ በኩል የመጣ፣ አማርኛው የሃዲያ ቃና ያለው ልጅ ነው። ወረቀቱን በጀርባው በኩል ያዘና ላዩን ወደ ታች ዘቀዘቀው።

አስተማሪው ሳቀ፤ ሕዝቡም ተከተለው።

«በጭንቅላቱ ቁም በሉት፣ ይቀለዋል!» አለ አንዱ ከኋላ።

የኔታ ዱላቸውን ጨብጠው መሬት መሬት ያያሉ። ልጁ ግን ጀመረ፦ «የላክኸው ቆዳ እኩሌታው ሳይደርቅ ታስሮ ገምቷል። ዳግመኛ እንዲህ ብታደርግ ከዶዮገናው ነጋዴ ጋር እዋዋላለሁ፤ እሱ ቢያንስ ሲዋሽ ያፍራል።» አንድ ቃል አልሳተም። ሰዉ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ጌታዬ፣ ይህ ንባብ አይደለም» አለ አስተማሪው። «የተዘቀዘቀ ጽሕፈት ማን ያነባል? ከራሱ ፈጥሮ ነው። ዳኛው ራሱ ያንብብልን።»

በቃሌ እወጣዋለሁ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። አገረ ገዢው ግን ጣታቸውን ከመሐል አንድ መስመር ላይ አሳረፉ። «ሁሉን አልፈልግም። ከዚህ ጀምር።»

ጣታቸው ቆዳው ላይ ይሁን ዶዮገና ላይ በምን ልወቅ? ከሳትኩ ልጁ ውሸታም ሊባል ነው፤ የኔታም መንገደኛ።

«ጌታዬ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም።»

«ምን አልክ?»

«ማንበብ አልችልም። ደብዳቤው ግን ተነቦልኝ በቃሌ አለ፤ እስከ ዛሬ ጠዋት ከኪሴ አልወጣም። ልጁ ያለው ሁሉ አለበት። ፈጠራ ቢሆን ደስ የሚለው እኔን ነበር፤ የተሰደብኩት እኔ ነኝ!»

«አይ ዳኛ!» አለ በርበሬ ሻጩ። አገረ ገዢው እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙት። ጣታቸውን ከቦታው ሳያነሱ ልጁን ወደ ጆሯቸው ጠሩት። ልጁ በተዘቀዘቀው በኩል ዞሮ ቆመና አንሾካሾከ። ከዚያ አስተማሪውን ጠሩ። «አንተስ? ከዚህ፣ ጮክ ብለህ።»

አስተማሪው ወረቀቱን አየ፣ የኔታን አየ። አልዋሸም፣ ይህን እመሰክርለታለሁ። «‹ከዶዮገናው ነጋዴ ጋር እዋዋላለሁ›» አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«ልጁም ያለኝ ይህንኑ ነው» አሉ አገረ ገዢው። «የኔታ፣ ለምን ዘቅዝቆ ይይዛል?»

«ያለን ዳዊት አንድ ነው፣ ልጆቹ አምስት። ዙሪያውን ከበው ይማራሉ። የዚህ ቦታ ከወዲያ ማዶ ነው፤ ፊደል ለእሱ ዱሮም እንዲሁ ነው የሚቆመው።»

አገረ ገዢው ወደ የኔታ ዞሩ። «የእርስዎ ድርጎ አይነካም። አንተ ባለ ኮቱ የመንግሥት ሰው ነህ፣ ቀለብህን ከአዲስ አበባ ጠይቅ።»

ሰዉ ሲበተን የኔታ ወደ እኔ መጡ። ምርቃት ጠብቄ ጎንበስ አልኩ።

«ዕድሜህ ስንት ነው?»

«ሠላሳ አራት፣ የኔታ።»

«ሰኞ ጠዋት ና።»

«ኧረ የኔታ፣ ጢም ያወጣሁ ሰው ነኝ! ከልጆች ጋር እንዴት ብዬ?»

«ጢምህን ቤት ትተኸው ና» ብለውኝ ሄዱ።