አንድ እግር ጫማ

"አባባ፣ አንዱን ጫማዎን ማውለቅ ረስተዋል" አልኳቸው ዛሬ ጠዋት፣ ቡሬ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ። ያውም ሰው ሁሉ እስኪዞር ጮክ ብዬ። (ሥርዓት አስከብሪ ብሎ የሾመኝ የለም።)

የሽማግሌው ግራ እግር ባዶ ነው፤ ቀኙ ላይ ጥቁር ጫማ አለ።

"ልክ ነሽ ልጄ። ይህቺ ግን ብቻዋን አትወልቅም" አሉና ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

ሱሪያቸውን ሰብስበው ሰው ሠራሽ እግራቸውን ከጉልበታቸው ሥር ፈቱት። ከነጫማው ከሰዉ ጫማ ጎን አስቀመጡትና በመቋሚያቸው ተደግፈው ገቡ።

እኔ መግባት አቃተኝ። እግራቸውን ስጠብቅ ቆየሁ።

ሲወጡ በሁለት እጄ አቀበልኳቸው።

"እግዜር ይስጥሽ። አንቺ ግን ልጄ፣ ጫማሽን ሳታወልቂ ቅዳሴው አለቀ?" አሉኝ።

እናንተስ፣ ሳታውቁ ማንን አሳፍራችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አልሁን።