በዳክዬ የቀናሁ ዕለት

ሰው በጎረቤቱ ይቀናል፣ በወንድሙ ይቀናል፤ እኔ ግን በዳክዬ ቀንቻለሁ። በደርግ ጊዜ ነው፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አዳሚ ቱሉ በደረሰ ሰሞን። እኔ "ወገቤን" ብዬ ከትምህርቱ አመለጥኩ፤ ሚስቴ ጫልቱ ግን ገብታ ቁጥር ተማረች። ከዚያ ወዲያ የማትቆጥረው ነገር ጠፋ።

ዝዋይ ሐይቅ ልብስ ልታጥብ ስትወርድ ጥቅሉን የምሸከመው እኔ ነኝ። እዚያ ከጡብ የማይበልጥ፣ እንደ ጡብ የቀላ ዳክዬ አለ። ጥልቅ ይልና ይሰወራል። ጫልቱም ሳሙናዋን ጥላ እስኪወጣ ትቆጥርለታለች።

"ሠላሳ አንድ! ወንድ ማለት ይሄ ነው!"

እኔ ሻሸመኔ ሄጄ ሳምንት ስቆይ እንኳ ቀኑን ቆጥራልኝ አታውቅም!

አንድ ጠዋት አልቻልኩም። "አንቺ፣ ለእኔም ቁጠሪ!" ብዬ ከነሱሪዬ ዘለልኩ። ዳክዬው ደንግጦ አብሮኝ ጠለቀ። እኔ ታች ደንገል ጨብጬ ቀረሁ። ከመቆየቴ ብዛት አንድ አሳ መጥቶ የይለፍ ወረቀት ጠየቀኝ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ጆሮዬ ጮኸ፣ ዓይኔ ፈጠጠ፤ "ከዳክዬ አንሼማ ቤት አልገባም" እያልኩ ቻልኩት። ሳንባዬ ሊፈነዳ ሲል ብቅ አልኩ።

"ጫልቱ! ስንት ደረስኩ?" አልኳት ውሃ እየተፋሁ።

ዞር ብላም አላየችኝ። ዓይኗን ከባዶው ውሃ ላይ ሳትነቅል እጇን አወናጨፈችብኝ።

"ዝም በል አንተ፣ ታሳስተኛለህ! አርባ ስድስት፣ አርባ ሰባት... እሱ ገና አልወጣም!"