ባለ አንድ ዓይኖቹ

ክቡራንና ክቡራት ወዳጆቼ፣ ታላቅ ዜና አለኝ፦ ዛሬ ወንበር ላይ ተቀምጬ አረፈድኩ።

ወንበሩን ያስጠጋሁት እዚህ በስደት አገር በምንጸልይበት፣ በመነኮሳቱ በሲስተሮቹ አሮጌ ገዳም ቤተ ክርስቲያን፣ ድሮ አንድ ስደተኛ ወገናችን ከሣለው የፍርድ ቀን ሥዕል ሥር ነው።

የቤተ ክርስቲያን ኮሚቴያችን ሊቀ መንበር ነጭ ቀለም በባልዲ ይዞ መጣ። «አባባ፣ ሥዕሉ አርጅቷል፤ ልንቀባው ነው። ያላ፣ ይነሱልን!»

«እኔም አርጅቻለሁ፤ እኔንም ቅባኝ!»

«ኧረ አባባ…»

«የእኛ አገር ሰዓሊ ደጉን በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በአንድ ዓይን እንደሚሥል ታውቃለህ። ከጀብራ ሰፈር አንድ ሰዓሊ ጠርቻለሁ። ይህን ካጠፋህ፣ በነጩ ግድግዳ ላይ አንተን ከነባልዲህ በአንድ ዓይን ይሥልሃል!»

ቀና ብሎ ሲኦል የወረዱትን ባለ አንድ ዓይኖች አያቸውና ባልዲውን ከደነ።

እናንተስ ምን ላይ ተቀምጣችሁ እምቢ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ።

የጀብራው ሰዓሊ እኔ የፈጠርኩት ነው፤ ነገም ወንበሩ ላይ መገኘቴ ግን እውነት።